ሶብር ወይስ ቸልተኝነት?



ውድ አንባብያን! በዚህ ጽሑፍ አንድ ጥያቄ ላቀርብላችሁ እወዳለሁ። ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ እኔን ግን ለብዙ ዓመታት ሲከተለኝ ኖሯል። ሰው በራሱ ላይ የደረሰውን ችግር ሳያማርር ሲሸከም «ሶብር አደረገ» እንላለን። በሌላ ሰው ላይ የደረሰውን ችግር እያየ ዝም ብሎ የተቀመጠስ ምን አደረገ ይባላል?

ጥያቄውን የማነሳው ተራ ከሚመስል ነገር ጋር አያይዤ ነው፤ ከነፍሰ ጡር ሴት ድካምና በእርግዝና መጀመሪያ ላይ ከሚደረግ የደም ምርመራ ጋር። «ይህማ የሐኪም እንጂ የኡስታዝ ጉዳይ አይደለም» የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። እውነት ነው፤ ሕክምናው የሐኪሞች ነው። ይሁን እንጂ አንዲት ሴት ወደ ሐኪም ዘንድ የምትደርሰው ወይም የማትደርሰው አስቀድሞ ቤት ውስጥ በሚወሰን ነገር ነው። የእኔም ንግግር ስለዚያ ስለ ቤቱ ነው።

የዛሬ 19 ዓመት ባለቤቴ ሁለተኛ ልጃችንን ፀንሳ ነበር። ያኔ እኔ ወሎ ውስጥ በአንድ መስጊድ ግቢ ልጆችን ቁርኣን አስቀራ ነበር፤ ቤታችንም ከመስጊዱ አጥር ጋር የተያያዘ ነው። ከመጀመሪያዎቹ ወራት ጀምሮ ድካም በዛባት። ውኃ ቀድታ ስትመለስ ደፍ ላይ ትቀመጣለች። ለሱብሒ ሶላት ስትነሳ ግድግዳ ትደገፋለች። ትንሽ ዳገት ከወጣች ልቧ ይመታል። ከምግብ ይልቅ ደግሞ የዝናብ አፈር ሽታ አማራት። አንድ ቀን ከጓዳው ግድግዳ ጭቃ ፈቅፍቃ ስትቀምስ እናቴ አየቻትና «ይኼ ልጅ ገበሬ ሊሆን ነው!» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ።

በዚያው ሰሞን ለተማሪዎቼ ስለ ሶብር ሳስተምር ባለቤቴን ምሳሌ አድርጌ አነሳኋት። «ቤቴ ያለችውን ሴት ብታዩ ሶብር ምን እንደሆነ ይገባችሁ ነበር። ደክሟታል፤ አንድም ቀን ግን ደከመኝ ብላኝ አታውቅም» አልኳቸው። ይህን ስናገር ኩራት ይሰማኝ ነበር።

በሰባተኛው ወር ምድጃ አጠገብ ወደቀች። ጤና ጣቢያ ስንደርስ አዋላጅ ነርሷ የታችኛውን የዐይኗን ቆብ ገልጣ አየች፤ ቀይ መሆን የነበረበት ነገር ነጥቷል። ደሟ ሲለካ 7.4 ተባለ። በዚያ ወቅት ቢያንስ 11 መሆን እንደነበረበት ነገሩን። የአይረን ኪኒን ታዘዘላትና ጀመረች፤ ነገር ግን የቀረው ጊዜ አጭር ነበር። ደሟ ሳያገግም ምጡ መጣ። ከወለደች በኋላ ደም ፈሰሳት። የፈሰሳት ደም ከሌሎች ሴቶች የበዛ አልነበረም፤ ሌላዋ የምትችለውን ያህል እሷ መቻል አልቻለችም እንጂ። ወንድሟና እኔ ደም ሰጠን፤ 2 ከረጢት ደም ተሰጣት። በአላህ እዝነት እሷም ልጁም ተረፉ፤ አልሐምዱሊላህ።

በማግስቱ አዋላጇ በአክብሮት ጠየቀችኝ። «ኡስታዝ፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ወራት ለምን ሳያመጧት ቀሩ?»

«አልታመመችም ነበር» አልኳት።

«ጠይቀዋት ያውቃሉ?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ቤት ከገባንና ከተረጋጋን በኋላ ባለቤቴን «እንዲህ እየደከመሽ ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት። ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና «ለተማሪዎችህ ስትናገር በአጥሩ በኩል ሰማሁህ። ከዚያ በኋላ እንዴት ብዬ ደከመኝ ልበል?» አለችኝ።

ውድ አንባብያን! ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ሶብር ባስተማርኩ ቁጥር ይህ ቃል ይመጣብኛል። እኔ ያሞገስኩ መስሎኝ ነበር፤ አፏን ግን የዘጋሁት እኔው ነኝ። ሶብር ባለቤቱ ለአላህ ብሎ የሚያደርገው ሥራ ነው። እኔ በእሷ ድካም ላይ ሶብር ላደርግ አልችልም። በእሷ ድካም ላይ እኔ ላደርገው የምችለው መጠየቅ፣ መርዳትና ማሳከም ነው። እነዚህን ትቼ የእሷን ዝምታ ማድነቄ ሶብር አልነበረም፤ ቸልተኝነት ነበር።

አሁን ደግሞ ነገሩ ከምን እንደሚመጣ በጥቂቱ እንመልከት። ሐኪሞች እንደሚያስረዱት ደማችን ቀይ የሆነው ሄሞግሎቢን በሚባለው ነገር ነው። ሄሞግሎቢን ከሳንባ ኦክስጅን ተቀብሎ ወደ መላ አካል ያደርሳል፤ ሲሠራም ብረት የሚባለው ማዕድን ያስፈልገዋል። ብረቱ ከምግብ ይገኛል፤ የተረፈው በጉበት፣ በመቅኒና በሌሎችም የአካል ክፍሎች ይከማቻል። ይህን በቤታችን ምሳሌ ማየት ይቻላል፤ ክምችቱ ጎተራው ነው፤ ሄሞግሎቢን ደግሞ ሌማቱ ላይ የቀረበው እንጀራ ነው። ጎተራው እየጎደለ ሲሄድ ሌማቱ ወዲያው ባዶ አይሆንም። ቤተሰቡ እየበላ ነው፤ እንግዳም ቢመጣ ጉድለቱን አያይም። ጎተራው ተጠርጎ ካለቀ በኋላ ነው ሌማቱ ላይ መጉደል የሚጀምረው። ስለዚህ አንዲት ሴት ደም ማነስ ሳይኖርባት የብረት ክምችቷ ሊያልቅ ይችላል። ጎተራውን የሚለካው ምርመራ ፌሪቲን ይባላል፤ ሌማቱን የሚለካው ደግሞ የተለመደው የሄሞግሎቢን ምርመራ ነው።

እርግዝና ሲመጣ ይህ ጎተራ ትልቅ ወጪ ይጠየቃል። በእርግዝናው ዘመን በጠቅላላ የሚያስፈልገው ብረት ወደ 1,000 ሚሊ ግራም ይደርሳል። ከዚህ ውስጥ ትልቁ ድርሻ የእናቲቱ ደም እየበዛ ስለሚሄድ ለእሱ የሚውል ነው፤ የቀረው ለጽንሱና ለእንግዴ ልጁ፣ እንዲሁም በየዕለቱና በወሊድ ለሚወጣው ምትክ ይሆናል። ብዙ ሴቶች እርግዝና ሲጀምሩ የዚህን ግማሽ እንኳ በክምችት የላቸውም። ልጆች በተከታታይ የወለደች፣ የወር አበባዋ የሚበዛባት ወይም ሥጋ እምብዛም የማትቀምስ ሴት ከሆነች ደግሞ ጎተራው ገና ሲጀመር ባዶ ሊሆን ይችላል።

አላህ (ሱ.ወ.) ልጁ ከእናቱ እንዲወስድ አድርጎ ፈጥሮታል። እናቲቱ እየጎደለባትም ቢሆን ትሰጣለች። ቁርኣን በሱረቱ ሉቅማን ስለ እናት ሲናገር ድካም በድካም ላይ እየተደረበባት እንደምትሸከም ያስታውሰናል። ይህ የተነገረው ልጆች የእናታቸውን ውለታ እንዲያውቁ ነው። ድካሟ ይህን ያህል ከተመሰከረለት እኛ «የእርግዝና ነገር ነው፤ ይለፋል» ብለን ልናልፈው እንዴት ይገባናል? ክምችቷ ካለቀ ደግሞ ጉዳቱ እሷ ላይ ብቻ አይቆምም። ከፍ ያለ ደም ማነስ ያለጊዜው ከመውለድና ከክብደቱ አነስተኛ ልጅ ጋር ተያይዞ ይገኛል። ሕፃኑም ከተወለደ በኋላ እስከ 6 ወር ድረስ በአብዛኛው የሚኖረው ከእናቱ ማሕፀን ይዞት በመጣው ብረት ነው፤ የጡት ወተት በብዙ መንገድ የሚተካው የለም፤ የያዘው ብረት ግን ጥቂት ነው።

«ታዲያ ለምን በመጀመሪያው ወር? ሲከብዳት አይደርስም?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ሁለት ምክንያቶች አሉ። አንደኛው፣ በመካከለኛዎቹ ወራት ደሟ በውኃው በኩል ስለሚበዛ የሄሞግሎቢን ቁጥር በተፈጥሮ ዝቅ ይላል፤ ያን ጊዜ እውነተኛውን ጉድለት ከተፈጥሮው ለመለየት ያስቸግራል። ሁለተኛው፣ በኪኒን የሚገባ ብረት ጎተራውን የሚሞላው በሳምንታት ሳይሆን በወራት ነው። በሁለተኛው ወር የታወቀ ጉድለት ለመተካት ጊዜ አለው፤ በስምንተኛው ወር የታወቀ ግን ምጡ ይቀድመዋል። የእኔ ቤት ታሪክ ይኸው ነው።

የአገራችንም ሁኔታ ይህንኑ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2016 በኢትዮጵያ የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሴቶች 24 በመቶ የሚሆኑት ደም ማነስ እንዳለባቸው አሳይቷል፤ በሶማሌ ክልል ደግሞ ከግማሽ በላይ ነበሩ። በዚያው ጥናት መሠረት የቅድመ ወሊድ ክትትል በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የጀመሩት ከ5 እናቶች አንዷ ያህል ብቻ ነበሩ። እንግዲህ ከ5 ቤት በ4ቱ የነበረው ሁኔታ ከእኔ ቤት ብዙም አይለይም ማለት ነው።

አሁን ከወንድሞችና ከእህቶች በተደጋጋሚ ወደምሰማቸው ክርክሮች ልመለስ።

የመጀመሪያው፣ «ያልታየ በሽታን መፈለግ የተወኩል ጉድለት ነው» የሚለው ነው። ይህን ክርክር የሚያነሱት ብዙ ጊዜ ቅን ሰዎች ናቸው፤ ስለዚህ በቅንነት እንመልሰው። በፊቅህ ኪታቦች ውስጥ ስለ ነፍሰ ጡር ሴት ጾም የተጻፈውን አስታውሱ። ነፍሰ ጡር ለራሷ ወይም ለልጇ ከሰጋች እንድታፈጥር ተፈቅዶላታል። ዑለማዎች የተለያዩት በቀዷውና በፊድያው ጉዳይ ነው እንጂ በፈቃዱ ላይ አይደለም። ልብ በሉ! ፈቃዱ የተሰጠው ጉዳት ከደረሰ በኋላ ሳይሆን ጉዳት ይደርሳል ተብሎ ሲሰጋ ነው። ይህ ስጋት በምን ይታወቃል ሲባልም ፉቀሃዎች ሁለት ነገር ጠቅሰዋል፤ አንዱ የራስ ተሞክሮ ነው፤ ሁለተኛው የታማኝ ሐኪም ቃል ነው። ሸሪዓችን ገና ላልደረሰ ጉዳት ሲል ረመዳንን የሚያህል ፈርድ ወደ ሌላ ጊዜ እንዲተላለፍ ከፈቀደ፣ ገና ላልታየ ጉድለት ሲባል ጥቂት ጠብታ ደም መስጠት እንዴት የተወኩል ጉድለት ይሆናል?

የመርየምንም (ዐ.ሰ.) ታሪክ አስተውሉ። ምጥ ይዟት ከተምር ዛፍ ግንድ ሥር በተጠጋችበት ሰዓት ግንዱን እንድትወዘውዝ ታዘዘች። ተምሩን ያለ እሷ ውዝወዛ ማውረድ ለአላህ የሚሳነው አልነበረም። አንዲት በምጥ የተዳከመች ሴት የተምርን ግንድ ምን ያህል ልትነቀንቀው ትችላለች? ቢሆንም ሰበቡን እንድታደርስ ተነገራት። ሰበብ ማድረስ በጤነኛ ሰው ላይ ብቻ ያለ ግዴታ አለመሆኑን ከዚህ እንማራለን። እኛ ቤት ደግሞ ግንዱን መወዝወዝ የሚችል ባል፣ አባት፣ ወንድም ቆሞ እያለ ነው ዝም የተባለው።

ሁለተኛው ክርክር፣ «እናቶቻችን ሳይመረመሩ ወልደው አሳድገውናል» የሚለው ነው። እውነት ነው፤ ወልደዋል። ይሁን እንጂ ይህን የሚነግሩን ወልደው የተነሱት ናቸው። ያልተነሱት ቀርበው አይመሰክሩም። እስቲ እያንዳንዳችን ዘመዶቻችንን እንቁጠር፤ «በወሊድ ሞተች» የምትባል አክስት ወይም አያት የሌለችበት ቤተሰብ ስንት ነው? በወሊድ የሞተች ሴት የሸሂድ ደረጃ እንዳላት ተምረናል። ይህ ለእሷ የተሰጠ ማዕረግና ለሐዘንተኞች የተሰጠ መጽናኛ ነው። ለቸልተኛ ቤተሰብ የተሰጠ ምክንያት ግን አይደለም። በጦር ሜዳ የወደቀው ሰው ሸሂድ መሆኑ ጋሻውን የደበቀበትን ሰው ከተጠያቂነት አያድነውም።

ሦስተኛው ክርክር ከተማሩ ሰዎች የሚመጣ ነው። «ሐኪሞቹ ራሳቸው አልተስማሙም» ይላሉ። ይህም መሠረት አለው፤ ልንደብቀው አይገባም። በአሜሪካ የመከላከል ሕክምናን ማስረጃ እየመዘነ ምክር የሚሰጥ የባለሙያዎች ቡድን አለ። ይህ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2024 ምልክት የማይታይባቸውን ነፍሰ ጡሮች ሁሉ ለብረት እጥረት መመርመር የእናትንና የልጅን ጤና ምን ያህል እንደሚጠቅም ወይም እንደሚጎዳ ለመወሰን የቀረበው ማስረጃ በቂ አይደለም ብሏል። ሌሎች ሐኪሞች ደግሞ ፌሪቲን ገና በመጀመሪያው ክትትል መለካት አለበት ይላሉ። በመለኪያው ቁጥርም ላይ ልዩነት አለ፤ የዓለም ጤና ድርጅት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ከ15 በታች የሆነውን ፌሪቲን እጥረት ሲለው፣ ብዙ ሐኪሞች ከ30 በታች የሆነውን ሁሉ እጥረት ይሉታል።

በመድረሳ የተማረ ሰው ይህን ዓይነቱን ነገር ያውቀዋል። የሐዲስ ዑለማዎች «ይህ አልተረጋገጠም» ሲሉና «ይህ ውሸት ነው» ሲሉ አንድ አይደለም። የመጀመሪያው ማስረጃው አልደረሰንም ማለት ነው፤ ሁለተኛው ማስረጃው አስተባበለው ማለት ነው። የአሜሪካው ቡድን ያለው የመጀመሪያውን ነው፤ ምርመራው አይጠቅምም አላለም። ደግሞም የፈረደው ለአገሩ ሴቶች ነው። ከ4 ሴቶች አንዷ ያህል ደም ማነስ ባለባት አገር ውስጥ ያለ ቤተሰብ ጥያቄውን በራሱ ሁኔታ ሊመዝነው ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ የመጀመሪያው ክትትል ከ12 ሳምንት በፊት እንዲሆን፣ ደም ማነስ እንዲመረመርና ነፍሰ ጡሮች በየቀኑ ከ30 እስከ 60 ሚሊ ግራም ብረት ከፎሊክ አሲድ ጋር እንዲወስዱ መክሯል። የማናውቀው ነገር መኖሩ የምናውቀውን ለመተው ምክንያት አይሆንም።

እዚህ ላይ ግን ከሌላኛው ስህተትም እንጠንቀቅ። ቁጥር ብቻውን አይፈርድም። ፌሪቲን ሌላ ሕመም ወይም ቁስለት ሲኖር ከፍ ብሎ ሊያታልል ይችላል። በከፍታ ቦታ ለሚኖሩ ሰዎች ደግሞ የሄሞግሎቢን መለኪያ ማስተካከያ እንዲደረግበት የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል፤ ወሎና ሸዋ ደጋ ላይ ያለን ሰዎች ይህን ልብ ማለት አለብን። ደም ማነስ ሁሉም ከብረት እጥረት አይደለም፤ ወባና የአንጀት ትላትልም ያመጡታል። ስለዚህ ከጎረቤት ኪኒን ተበድሮ መዋጥ ሕክምና አይደለም። ተመርምሮ ለሚያውቅ ሰው ማሳየት ነው።

አራተኛውን ክርክር ማንም በግልጽ አይናገረውም፤ ግን አለ። እሱም ወጪው ነው። በቀደሙት የፊቅህ ኪታቦች የሐኪም ዋጋ በባል ላይ ከሚገደደው ነፈቃ ውስጥ አልተቆጠረም የሚል የብዙ ፉቀሃዎች ቃል እንዳለ አውቃለሁ። በዘመናችን ያሉ ብዙ ዑለማዎች ደግሞ ሕክምና ዛሬ እንደ ምግብና እንደ ልብስ የኑሮ መሠረት ሆኗልና ከነፈቃ ይቆጠራል ብለዋል። እኔ ይህን ክርክር ልፈርድ አልችልም። ነገር ግን በሱረቱ ጦላቅ የተፈታች ሴት እንኳ እርጉዝ ከሆነች እስክትወልድ ድረስ ወጪዋ በፈታት ሰው ላይ መሆኑ ተደንግጓል። ተጣልቶ የተለያት ሰው ይህ ካለበት፣ ከእሷ ጋር በአንድ ጣራ ሥር የሚኖር፣ ልጁንም የሚጠብቅ ሰው ለአንድ የላቦራቶሪ ዋጋ ኪታብ ገልጦ መከራከሪያ ቢፈልግ አያፍርም ወይ?

እንዲያውም ትልቁ ወጪ ገንዘቡ አይደለም። በብዙ ቤቶቻችን የቤቱ እመቤት የምትበላው ሁሉም በልቶ ሲያበቃ ነው። ሥጋው ለእንግዳና ለወንዶች ይወጣል፤ ለእሷ መረቁ ይተርፋታል። ይህን ዲን አላዘዘንም፤ ልማድ ነው። «ቀይ ጤፍ ትበላለች፤ ጤፍ ደግሞ ብረት አለው» እንላለን። ጤፍ ጥሩ እህል ነው፤ ሆኖም በውስጡ የሚለካው ብረት ከፊሉ በአውድማ ላይ ከአፈር የተቀላቀለ ነው፤ ሰውነት የሚቀበለውም ጥቂቱን ብቻ ነው። ከምግብ ጋር ተያይዞ የሚጠጣው ሻይና ቡና ደግሞ ከእህልና ከጥራጥሬ የሚገኘውን ብረት ሰውነት እንዳይቀበል በእጅጉ ያግዳል። እኛ ቤት ባለቤቴ የመጨረሻውን ጉርሻ እንደዋጠች ሻይ ትጠጣ ነበር፤ ያፈላሁላትም እኔ ነበርኩ፤ የረዳኋት መስሎኝ!

ታዲያ ምን እናድርግ? ብዙ አይደለም። እርግዝና እንደታወቀ፣ ሆድ እስኪገፋ ሳይጠበቅ፣ ወደ ጤና ጣቢያ እንሂድ፤ ባልየውም አብሮ ይሂድ። የደም ምርመራ እንዲደረግ እንጠይቅ፤ የፌሪቲን ምርመራ በየጤና ጣቢያው አይገኝም፤ የሄሞግሎቢኑ ግን በብዙ ቦታ አለ። አፈር ካማራት፣ ልቧ ከመታ፣ ትንፋሽ ካጠራት አንሳቅባት፤ ለሐኪም እንንገር። ኪኒኑ ሲታዘዝ ሆድ ሊያደርቅ፣ ሊያቅለሸልሽና ዓይነ ምድርን ሊያጠቁር ይችላል፤ ይህን አስቀድማ ካወቀች ደንግጣ አትተወውም፤ ከባሰባትም ሐኪሙ መጠኑን ወይም ሰዓቱን ያስተካክልላታል። ሻይና ቡና ከምግቡና ከኪኒኑ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይራቁ፤ ሎሚ ወይም ብርቱካን ግን ይረዳል። ኪኒኑን ሕፃናት ከማይደርሱበት ቦታ እናስቀምጥ፤ ለትንሽ ልጅ መርዝ ነው። ከሁሉም በፊት ደግሞ የማታዋን ምግብ ከእኛ ጋር፣ ከእኛ እኩል ትብላ።

ከቁርኣን ሱራዎች አንዱ በብረት ስም ተሰይሟል፤ ሱረቱል ሐዲድ። በሱራው ውስጥ ብረት ለሰዎች ጥቅም እንዳለው ተወስቷል። «ይህ ስለ ደም የተነገረ ነው» ልል አልደፍርም፤ ሙፈሲሮች ያላሉትን መጨመር አደብ አይደለም። ግን ከአላህ ኒዕማዎች አንዱ መሆኑን አውቀን፣ አንዷ ነፍስ እየጎደለባት ለሌላዋ ነፍስ ስታካፍለው እያየን፣ «ጎደለብሽ ወይ?» ብሎ ለመጠየቅ ተፍሲር አያስፈልገንም።

ንግግሬን ከማብቃቴ በፊት አንድ ነገር ልጨምር። ያ በዚያ ጊዜ የተወለደው ልጅ ዛሬ 18 ዓመት አልፎታል። ያኔ የሁለት ዓመት ሕፃን የነበረችው እህቱ ደግሞ ዘንድሮ ፀንሳለች። ባሏ በዘጠነኛው ሳምንት ጤና ጣቢያ ወሰዳት፤ ፌሪቲኑን ከተማ ወርደው በግል ላቦራቶሪ አስለኩ። ሄሞግሎቢኗ ደህና ነው፤ ክምችቷ ግን 22 ወጣ፤ እነዚያ ሁለቱ ቁጥሮች መካከል ላይ ማለት ነው። ሐኪሙ ኪኒኗን በየቀኑ እንድትወስድና ተመልሳ እንድትለካ አዘዛት። አንዲት ጎረቤታችን «ለዚህ ነው ቀኑን ሙሉ የዋላችሁት? ምንም የለባትም እኮ!» አለች። እኔም በልቤ «ምንም የለባትም» የሚለውን ቃል ተመርምሮ መስማትና ሳይመረመሩ መገመት ምን ያህል እንደሚለያዩ አሰብኩ።

ከሁሉም ደስ ያለኝ ግን ሌላ ነው። ማታ እናቷ «ልጄ፣ ደክሞሻል?» ብላ ስትጠይቃት፣ እኔ ባለሁበት፣ ሳታፍር፣ «አዎ እማ፣ ዛሬ በጣም ደክሞኛል» አለች። ባሏ ተነስቶ ሰሐኑን አነሳ። ባለቤቴ ወደ እኔ ተመለከተች፤ ምንም አላለችም። እኔም አልተናገርኩም።

አላህ (ሱ.ወ.) እናቶቻችንን፣ ሚስቶቻችንንና ሴት ልጆቻችንን ይጠብቅልን። በአማና የተሰጡንን ሰዎች ሳንጠይቃቸው ከምንተኛ ሰዎች አያድርገን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።